ከውስጥ የተጣፈ ጉልበት

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ገባ፣ ዘግይቶ ወጣ። የክር ፋብሪካው ተዘጋ፤ ብዙ ሰው ሥራ ፈታ። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። ሙሉ ልብስ ያሰፉ የነበሩ ሰዎች አሮጌ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ይመጡ ጀመር።

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ነው። ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያቸው ከኋላ፤ መውጫና መግቢያው አንድ በር። አባት አዲስ ይሰፋል፣ ልጂቱ አሮጌ ትጠግናለች። በዚያ ዓመት አዲስ የሚባል ነገር ስላልነበረ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ነበረች።

የደጃፉ ሴራሚክ ተሰነጣጥቋል። አንዱ ሲረግጡት ይወዛወዛል። አባትና ልጅ ለምደውታል፤ ዘለው ያልፉታል። እንግዳ ግን ይደናቀፋል።

አንድ ከሰዓት አንድ ወጣት ተደናቅፎ ገባ። ከመውደቅ የዳነው የመቁረጫውን ጠረጴዛ ይዞ ነው። ቀና ሲል ልጂቱ ታየዋለች። አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ግን ነክሳለች።

ከከረጢቱ ጂንስ ሱሪ አወጣ። ሁለቱም ጉልበቶች ተበልተዋል። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ይውላል። ልጂቱ እጇን በቀዳዳው አስገብታ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው።

«ይድናል?» አለ።

«በሽተኛ አስመሰልከው እኮ» አለች። «ይድናል።»

በዚያ ሱቅ መጣፊያ ከውጭ አይለጠፍም። ከኋላ ኪስ ሥር ያለው ጨርቅ ፀሐይ አያየውም፤ ሌላው ሲያልቅ እሱ እንደ አዲስ ነው። ከዚያ ይቆረጣል፣ የተቆረጠበትን ኪሱ ይሸፍነዋል። ቁራጩ በጉልበቱ ከውስጥ ይደገፍና በሰማያዊ ክር እየተመላለሱ ይሰፉታል። በሁለት መስመር መሀል ጥፍር መግባት የለበትም። አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያስተማራት ይህንን ነው።

ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ወጣቱ እውነቱን ተናገረ፤ አሠሪዎቹ የሠራበትን አልሰጡትም። አባት ከመነጽሩ በላይ አየውና በአገጩ ወደ ደጃፉ አመለከተ።

«እሱን አድስልንና እንተሳሰብ።»

ወጣቱ በሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። መጣም፤ ግን ባዶ እጁን። ሲሚንቶ ጠፋ አለ። ሌላ ጊዜ ተመሳሳይ ቀለም አላገኘሁም አለ። ከዚያ ደግሞ በዚህ እርጥበት አይደርቅም አለ። በመጣ ቁጥር ከልጂቱ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እሱ ራሱ የማይተኛባቸውን ሰፋፊ መኝታ ቤቶች እንዴት እንደሚያነጥፍ ያወራላታል። እሷም ሱሪ የሰውን ነገር እንደሚያወጣ ትነግረዋለች፤ በየትኛው እግሩ እንደሚደገፍ፣ በየትኛው ኪሱ ቁልፍ እንደሚይዝ።

«የኔውስ ምን ይላል?»

«ግራ ጉልበትህ ላይ ታበዛለህ። ኪስህ ውስጥ ደግሞ ምንም ገብቶ አያውቅም።»

ሳቀ። አባት ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ተመልሶ ጎንበስ አለ።

የወጣቱ ነገር ስውር አልነበረም። ደጃፉ ከታደሰ ሂሳቡ ይዘጋል። ሂሳቡ ከተዘጋ በምን ሰበብ ይመጣል? ስለዚህ ዛሬ ነገ እያለ አቆየው። በዚያ ላይ የሱሪው ጉልበት ቶሎ ቶሎ ይከፈት ነበር፤ ልጂቱ ሰፍታ ትሰጠዋለች፣ ብዙም ሳይቆይ ይዞት ይመለሳል።

አባት አጉረመረመ። «ይሄ ተንበርካኪ ነገ የምትባለውን ቀን ተከራይቷታል መሰለኝ» አለ። ልጂቱ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

አንድ ዝናባማ ጠዋት አባት የተጠገኑ ልብሶች ታቅፎ ሲወጣ ከፊቱ ያለው አልታየውም። የሚወዛወዘው ሴራሚክ ከሥሩ ከዳው። ወደቀ፤ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። የልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ።

ወጣቱ ሰምቶ ሲሮጥ መጣ። ዳግመኛ የተከፈተውን ሱሪ በብብቱ ይዟል። አባት በጀሶ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በር ላይ ቆሞ ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ደጃፍ አምኜ ሰጥቼህ ነበር። ይኸው። ዓይንህ ልጄ ላይ እንደሆነ አላጣሁትም። ደጃፍ አልሰጥም ብዬህ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ልጅማ እንዴት እሰጥሃለሁ?»

ወጣቱ ልጂቱን አየ፤ እሷም አየችው። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ልጂቱ የአባቷንም የራሷንም ሥራ ትሠራለች። ስትበላ ምግቡን ታየዋለች እንጂ አትበላውም። አባት ማየት የማይፈልገውን ሁሉ ያያል፤ እጁ ሥራ ፈቷል፣ ዓይኑ ግን አልፈታም።

እንዲህ ሲሆን አንድ ቀን ሱሪውን በግራ እጁ ስቦ ገለበጠው። መነጽሩን አደረገ። በመስመሮቹ መሀል ጥፍር ብቻ ሳይሆን ጣት ያስገባል።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

«ያንቺ እጅ እንዲህ አይሰፋም።»

ልጂቱ መርፌዋን አስቀመጠች። አንገቷን ደፋች።

«ቶሎ እንዲከፈት ብዬ ነው» አለች።

አባት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው።

«እሱ ንጣፉን አዘገየ። አንቺ ስፌቱን አሳሳሽ። እኔ በመሀላችሁ እጄን ሰበርኩ።»

ልጂቱ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። አባት እስኪወጣላት ጠበቀና ሱሪውን ጭኗ ላይ ጣለው።

«ፍቺው። እንደ ሥራችን ስፊው። ከዚያ ራስሽ አድርሽለት።»

ወጣቱን ያገኘችው አንድ ያላለቀ ሕንፃ ላይ ነው። የሲሚንቶ ከረጢት አጥፎ ተንበርክኮበታል። ሲያያት ተነሳ፤ እጁን የሚጠርግበት ስላጣ ሱሪው ላይ ጠረገ። ጂንሱን ሰጠችው። ጉልበቱን ዳሰሰ፣ ገለበጠ፣ እንደገና ዳሰሰ።

«እንዲህ ጠንካራ አልነበረም።»

«አልነበረም። እያሳሳሁ ነበር የምሰፋልህ።»

«ለምን?»

«አንተስ ሲሚንቶ የሚጠፋብህ ለምን ነበር?»

ከታች አሸዋ የሚነፋ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ከእንግዲህ ጉልበትህ አይከፈትም» አለች። «ሰበቡ አልቋል። መምጣት ካለብህ እንዲሁ ና።»

በማግስቱ ጨርቄን ማቄን ሳይል መጣ። ጂንሱን ለብሷል፤ ሴራሚኩን በትከሻው፣ ሲሚንቶውን በጋሪ ይዟል። አባት ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። ወጣቱ አሮጌውን ነቀለ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ሲባጎ ወጥሮ ለካ። አባት እጅ ሲሠራ ማየት ያውቃል። የሚነቀፍ ነገር ፈለገ፤ አጣ። መጨረሻው ላይ ግን ቅንድቡን አነሳ። ወጣቱ ከመንገዱ በኩል ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው ያነጠፈው። የመጨረሻዋን ሲያሳርፍ ራሱ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ በሩ ደግሞ አንድ ነው።

«አንጣፊ የሚያፈገፍገው ወደ መውጫው ነው ሲባል ሰምቼ ነበር» አለ አባት።

«እውነት ነው አባባ።»

«መውጫህን ዘጋኸው።»

«አውቄ ነው። እስኪደርቅ ድረስ እኔ መሸሽ አልችልም፤ እርስዎም ሊያባርሩኝ አይችሉም። የምነግርዎት አለ።»

ነገረው። የደጃፉን ሥራ ያዘገየው ሰንፎ ሳይሆን ፈርቶ እንደሆነ ነገረው። የተሰበረው እጅ ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ እንደማይወጣ ነገረው። ልጂቱን እንደሚወዳት ሲናገር ቃሉ ተሰባበረበት። አባት ሰምቶ ጨረሰና ወደ ልጁ ዞረ።

«አንቺስ?»

«እኔ መልሴን ሱሪው ላይ ሰፍቻለሁ» አለች።

ሲሚንቶው እስከ ማግስቱ የሚረገጥ አልነበረም። ወጣቱ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ባለቤቱ ሳያስጨርሰው የቀረ ካፖርት ለብሶ አደረ። አባት የመኖሪያውን ክፍል በር ቆልፎ ቁልፉን ትራሱ ሥር አደረገ።

ጠዋት ሱቁን ከፍቶ መጀመሪያ አዲሱን ደጃፍ በተረከዙ ረገጠ። ከዚያ በሁለት እግሩ ቆመ። ደጋግሞ መታው። አልተወዛወዘም።

«እዳው ተከፈለ» አለ። «አሁን ውጣ።»

የወጣቱ ፊት ጠቆረ። «ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ እንደ ሰው በበር ግባ።»

ወጣ። ዞረ። ልጂቱ በመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ታየዋለች። ገባ፤ አልተደናቀፈም።