ስድስት ጊዜ የተንኳኳው በር

ነአምን በሁለት ወር ውስጥ የካ ክፍለ ከተማን በር ለበር አዳርሶታል። እንጀራው ይኸው ነው፤ ለእጩዎች መራጭ የሚያሰባስብ የቅስቀሳ አማካሪ። ምርጫ ወዳለበት ይሄዳል፣ ያንኳኳል፣ ያሳምናል፣ ሻንጣውን ያነሣል። አንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት ወር ሞልቶት አያውቅም፤ እግሩ አያስቀምጠውም።

ኮተቤ ያለ አንድ በር ግን እግሩን ያዘው።

ናፍቆት አስተማሪ ናት። የመጀመሪያ ቀን ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ የተማሪ ደብተር ታቅፋ ከፈተችለት። ቀና ብላ ስታየው ያጠናው የቅስቀሳ ንግግር ሁሉ ጠፋበት። በየቤቱ በሚሞላው ቅጽ ላይ «ያልወሰነች» ብሎ ጻፈ፤ ያልወሰነ ሰው ቤት ተመልሶ ይኬዳልና። ተመለሰ። ደግሞ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን እጩውን ሁለቱም ረሱት።

አለቃው ዲንቄ ቅጾቹን ስታገላብጥ ደረሰችበት።

«አንተ፣ አንድ ቤት ስድስት ጊዜ? ንግሥት ናት እንዴ?»

«አልወሰነችም።»

«ወሰነች አልወሰነች፣ እሑድ ጠዋት ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ደሴ ትሳፈራለህ። እዚያ ሰው አጥሮናል። ደግሞ እየው፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ባዶ ነው። የምርጫ ካርድ የት እንዳወጣች እንኳ አልጠየቅህም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሊሰናበታት ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ መንገዱን ያያል።

«የምርጫ ካርድሽን የት ነው ያወጣሽው?»

ፈገግ አለች። «እንጦጦ፣ አባቴ ጋ። እዚህ ተከራይ ነኝ።»

«ታዲያ የኛን እጩ መምረጥ አትችይማ! ስድስት ጊዜ ስለፋ ዝም አልሽ?»

«አልጠየቅኸኝማ። ብነግርህስ ትመለስ ነበር?»

ነአምን ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ነገ ደሴ ልሄድ ነው» አለ።

ናፍቆት እስክሪብቶዋን ከደነች። «እኔ ነገ አባቴ ጋ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሰማያዊ በር። ከሄድክ ግን ሄድክ ነው። በስልክ የሚናፈቅ ሰው አልፈልግም።»

አውቶቡሱ በሚነሣበት ሰዓት ነአምን ትኬቱን በኪሱ እንደያዘ የእንጦጦን ዳገት ይወጣ ነበር። ሁለት ሺህ በር ባንኳኳ እጁ ሰማያዊውን በር አንኳኳ።

አባቷ አቶ ሣህሌ መጥረቢያ እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ማን ልኮህ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። ነአምን እባላለሁ። ናፍቆትን... ለትዳር ልጠይቅዎ ነው።»

ከኋላቸው ናፍቆት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አቶ ሣህሌ አተኩረው አዩት።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ለእጩዎች እየተላክሁ በር አንኳኳለሁ።»

«ለሌላው እየተላክህ ለራስህ የምትልከው አጣህ? ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሦስት ሰው ይዘህ ና።» ሊገቡ ብለው ዞሩ። «እስከ መቼ ነው እዚህ የምትቆየው?»

«እስኪሰጡኝ።»

አቶ ሣህሌ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ዲንቄ ደወለች። «የት ነህ? አውቶቡሱ ሄደኮ!»

«ኮተቤ ልገባ ነው። ሦስት ሽማግሌ ማሳመን አለብኝ።»

«ለየትኛው እጩ?»

«ለራሴ» አለና እርምጃውን አፈጠነ።