ጥቀርሻው ላይ የቀረው መስመር

ፕሮፌሰር ሴቬሪኖ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ታጥቦ የተደፋ ኩባያ አለ፤ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ደግሞ በክር የታሰረ የጊኒ ፒግ አንጀት ተንጠልጥሏል።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ኔልዳ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተቆለፈውን በር ታያለች። ጠዋት ለፕሮፌሰሩ አፒ የተባለውን ትኩስ የበቆሎ መጠጥ ያፈላችው እሷ ናት። የኮቻባምባን መንገድ ሰልፈኞች በድንጋይ ዘግተውታል፤ መሄጃ የለም።

«የተባይ መርዝ ነው» አለ ውጭ ተምሮ የተመለሰው ረዳት፣ ዶክተር አዴማር። «ኔልዳ ለድንች ማሳዋ ትገዛዋለች።»

መርማሪ ፍሎራ ኪስፔ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን፣ በኩራዝ ጥቀርሻ የጠቆረ ወረቀት ትመለከት ነበር።

«ዶኛ ኔልዳ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«በሞላ ከሚዞረው ከበሮ ላይ ያወረድኩት ነው። አንጀቱ ሲኮማተር መርፌው ሽቅብ ይጭራል፤ ሲላላ ይወርዳል። ዶክተሩ የሙዚየም ዕቃ ይሉታል።»

«ፕሮፌሰሩ ዛሬ ምን ይሞክሩ ነበር?»

«ሊቲየም አንጀት ያላላል ብለው ዶክተሩ የጻፉትን። ፕሮፌሰር ሦስት ቀን ደጋገሙት፤ አልላላም።»

አዴማር ሳቀ። «አሁን ደግሞ ፊዚዮሎጂ ታስተምረን።»

ፍሎራ በረኛውን ዶን ኢላሪዮንንም አስጠርታ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ፖሊስ ከመሆኔ በፊት ሁለት ዓመት ፋርማሲ ተምሬያለሁ። ሟቹ ሲያማቸው ጠርጥረዋል፤ ከአፒው አንጀቱ ላይ ጨመሩ፤ መስመሩ ይኸው ሽቅብ ወጣ። ከዚያ የተባይ መርዝን የሚያረክሰውን መድኃኒት ጨምረው "አትሮፒን" ብለው በጥፍራቸው ጥቀርሻው ላይ ጽፈዋል። የተባይ መርዝ ቢሆን በአትሮፒኑ አንጀቱ በላላ ነበር። አልላላም። ስለዚህ ራሱን ጡንቻውን ጨምድዶ የሚይዝ የብረታ ብረት ጨው ነው፤ ባሪየም።»

«መደርደሪያው ላይ አለ። እሷስ አታገኘውም?» አለ አዴማር።

«ታገኘዋለች። ግን መስመሩ እዚህ ጋ ድንገት ይወርዳል። እዚህ የፕሮፌሰሩ ጽሑፍ የለም፤ ሌላ ሰው መርዙን ደፍቶ አንጀቱን አጥቧል። ፕሮፌሰሩ መነሻ ሰዓት ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ላይ አንድ ጣት ስፋት አሥር ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ያኔ እኔ መንገዱን እጠብቅ ነበር። ዶኛ ኔልዳ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ድንጋዩ ጋ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። ዶን ኢላሪዮንም እዚያው መንገዱ ዳር፣ የግቢው በር ላይ ይጨቃጨቁኝ ነበር። ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ የጻፈው ስሕተት ሆኖ የተገኘበት ሰው።»

አዴማር ያልበራውን ኮምፒውተር አየ። «መብራት አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ምንም አልተመዘገበም።»

«የሙዚየም ዕቃ መብራት አይፈልግም፣ ዶክተርዬ።»

አዴማር ድንገት ተወርውሮ ወረቀቱን በመዳፉ ጠረገው። መዳፉን ገልብጦ ሲያየው ንጹሕ ነው። መስመሩ እንዳለ ነው።

«ጥቀርሻው እንዳይለቅ ቫርኒሽ ቀብቼዋለሁ» አለች ኔልዳ። «ሞተው ሳገኛቸው ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። የዕለቱ መስመር ቫርኒሽ ሳይቀባ ፕሮፌሰር ወደ ቤት አሰናብተውኝ አያውቁም።»

ድንጋዩ ገና አልተነሣም። መንገዱ እስኪከፈት አራቱም እዚያው ተቀመጡ፤ በሩን የሚያየው ግን አሁን አዴማር ነበር።