የአጣቢዎቹ ደብተር

ሚስ ሉጂኒያ ቴት ቅዳሜ ጠዋት ከቆጡ በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። በዙሪያቸው የሠርግ ፎቶዎች፣ የቆዩ ደብዳቤዎችና ቤተ ክርስቲያናችን በየቀብሩ የምታድላቸው የሟች ፎቶና የሕይወት ታሪክ የታተመባቸው ወረቀቶች ተበትነዋል። እዚህ ጆርጂያ ውስጥ የጥቁር ሴት ታሪክ የሚቀመጠው በመንግሥት ቤተ መዛግብት ሳይሆን አልጋ ሥር፣ በጫማ ካርቶን ነው። የከተማችንን የሆሊስ ፌሪን ካርቶኖች አርባ ዓመት ሙሉ የጠበቁልን እሳቸው ነበሩ፤ እኛም አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንናቸውም።

የመጣው ፖሊስ «አሮጊት፣ ደረጃ፣ ከባድ ካርቶን» ብሎ ጉዳዩን በአራት ቃል ሊዘጋው ነበር። የካውንቲው መርማሪ ኮርዲሊያ ስፒቪ ግን ማንበብ ያስተማሯት ሚስ ሉጂኒያ ስለሆኑ ራሷ መጣች። ከሬሳው ራስጌ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የሟቿ ቀሚስ ከጉልበታቸው በታች በሥርዓት ተስተካክሎ ነበር። ከደረጃ የወደቀ ሰው ቀሚሱን አያስተካክልም።

ቀጥላ ሳሎኑን አየች። ትልቁ መስታወት አንሶላ ተጋርዶበታል። የግድግዳው ሰዓት አስራ አንድ ከአስር ላይ ቆሟል። የመሙያ ቁልፉን ይዛ ስትሞክረው አልዞር አላት፤ ሰዓቱ እስከ አፉ የተሞላ ነው። ከሥሩ የሚወዛወዘውን ፔንዱለም በጣቷ ገፋ ስታደርገው ያለምንም ችግር መሄድ ጀመረ። መልሳ አቆመችውና ስለ ሰዓቱ ለማንም ሳትናገር ቤቱን አሸገች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘውን የሟቿን የወንድም ልጅ ክሊቮንን ነው። ቺካጎ ተወልዶ ያደገ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጣ ሰው ነው። ቤቱ ይሸጥ እያለ አክስቱን ሲነዘንዝ እንደኖረ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

«ገድያት ቢሆን ኖሮ፣» አላት በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ «ቢያንስ ገዢ አዘጋጅ ነበር።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያወራችሁት መቼ ነው?»

«ትናንት ከሥራ ደወልኩላት። እስከ አስር ሰዓት አወራን። ከዚያ የኋላው በር ተንኳኳ ብላ ዘጋችብኝ።»

«የኋላው ነው ያለችህ? የፊቱ አይደለም?»

«የኋላው።»

ስለ መስታወቱ ስትጠይቀው የታጠበ አንሶላ የተሰጣ መስሎት እንደነበር ነገራት። ሰዓቱንማ ጨርሶ አላነሣም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

እኛ ዘንድ የፊት በር የኢንሹራንስ ሻጭና የእንግዳ ነው። በኋላ በር የሚገባው፣ ቤቱ ባይጠረግም የማይታፈር ሰው ብቻ ነው። ኮርዲሊያ ይህን በልቧ ይዛ ወደ ናዲን ፕሩዊት ሄደች።

ናዲን ከሲያትል የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የፊቱን በር እያንኳኳች ከሚስ ሉጂኒያ ጋር ካርቶን ስትፈትሽ ከርማለች። ኮርዲሊያ ያመጣችላትን ካርቶኖች ስታይ የጠፋው ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። አንድ ደብተር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አስራ አንድ ልብስ አጣቢ ሴቶች የማኅበራቸውን ቃለ ጉባኤ የጻፉበት ነው።

ደብተሩ ለምን እንደሚፈለግ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። በመጀመሪያው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ቦታ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊቆም ነው፤ መሥራቹ ሬቨረንድ አይዛያ ጌይነር ናቸው ተብሎ ጽሑፉ ተዘጋጅቷል። ደብተሩ ግን ትምህርት ቤቱን አጣቢዎቹ ሬቨረንዱ ከመምጣታቸው ሁለት ዓመት ቀድመው በማጠቢያ ቤታቸው እንደከፈቱት ይናገራል። ይባስ ብሎም ሬቨረንዱ የፖሊስ አዛዡን ሸሪፍ ጠርተው እንዳሳሸጉት ይናገራል። ሰሌዳውን የሚያቆመው ኮሚቴ ጽሑፉን ለመቀየር ዋናውን ሰነድ ካላየሁ ስላለ፣ ሚስ ሉጂኒያ ሰኞ ለናዲን ሊያስረክቧት ነበር።

«ቅጂ የለሽም?» አለቻት ኮርዲሊያ።

«ከልክለውኛል። ድሮ አንድ ፕሮፌሰር የእናታቸውን ብቸኛ ፎቶ ተውሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ማንበብ እንጂ መገልበጥ የለም ብለው ነበር።»

መስታወቱንስ ማን ሸፈነው ብትባል፣ ፀሐዩ አንጸባርቆ ፎቶዎቹን እንዳያደበዝዝ ይሆናል አለች። ኮርዲሊያ ሳቋን ዋጠች።

የቀሩት ሚስ ዊሎዲን ጌይነር ነበሩ፤ የሬቨረንዱ የልጅ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ሊቀመንበር፣ በነጭ ባርኔጣቸው ሁልጊዜ ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት። ከሟቿ ጋር ሰባ ዓመት ጓደኛሞች ናቸው። ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል፤ ልቅሶውም የውሸት አልነበረም። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የኮክ ማርማላታ አድርሰውላቸው ቶሎ እንደተመለሱ፣ ከዚያ ወዲህ ያን ቤት እንዳልረገጡ ተናገሩ።

«መስታወቱ አንሶላ ለብሶ አገኘሁት፣» አለች ኮርዲሊያ።

«የአሮጊት ነገር ማን ያውቃል ልጄ፣» አሉና መሐረባቸውን አጣጠፉ።

ኮርዲሊያ በዚህ ነገር ሌሊቱን አልተኛችም። ሰው ሲሞት መስታወት እንደሚሸፈን፣ ሰዓትም ነፍስ በወጣችበት ደቂቃ ቆሞ እስከ ቀብር እንደሚቆይ ለከተማው ልጆች ሁሉ ያስተማሩት ሚስ ዊሎዲን ነበሩ። ለእሷም ጭምር።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሦስቱን ሰብስባ የታሸገውን ቤት ከፈተችላቸው። ቀድማ ገብታ አንሶላውን ገፍፋ፣ የሰዓቱን ዘንጎች ከቀኑ ሰዓት ጋር አስተካክላ አስነስታዋለች። ተቀመጡ። ኮርዲሊያ ሆን ብላ ዝም አለች። ሰዓቱ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሚስ ዊሎዲን አንዴ መስታወቱን አንዴ ሰዓቱን እያዩ መቀመጫቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

«ይሄ ሰዓት ለምን ይሄዳል?» አሉ በመጨረሻ። «ገና አልተቀበረችም እኮ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣» አለች ኮርዲሊያ። «እንደ ደንቡ ያስተካክሉት።»

አሮጊቷ ተነሡ። የሰዓቱን መዝጊያ ከፍተው ፔንዱለሙን ያዙ። ከዚያ ዘንጎቹን ወደ ኋላ መልሰው አስራ አንድ ከአስር ላይ አቆሙና ተቀመጡ።

«እህት ዊሎዲን፣» አለች ኮርዲሊያ በቀስታ፣ «አስራ አንድ ከአስርን ማን ነገረዎት?»

ኮርዲሊያ ነገሩን አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ሰዓቱ ሙሉ ስለነበር ያቆመው እጅ ነው። መስታወቱን የሸፈነ፣ ቀሚሱን ያስተካከለ ሰው ሟቿን ይወዳል፤ ደንቡንም ያውቃል። ክሊቮን አንሶላውን የታጠበ ልብስ፣ ናዲን የፀሐይ መከላከያ ነው ብለዋል፤ ሁለቱም አያውቁም። አውቆ አላውቅም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አስር ሰዓት ላይ የተንኳኳው የወዳጅ በር ነው። ሰዓቱ የቆመበትን ደቂቃ ደግሞ ለማንም አልነገረችም፤ ቤቱም ከቅዳሜ ጀምሮ ታሽጎ ነበር።

«ሐኪሙ ከወደቁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ኖረዋል ብሎኛል። ሆስፒታል ቢደርሱ ይተርፉ ነበር። ስልኩ ያው እዚያ ነው፤ ሦስት እርምጃ።»

«መግፋት አልፈለግኩም፣» አሉ ሚስ ዊሎዲን። «ደብተሩን ስጪኝ አልኳት፣ እምቢ አለች፣ ተጓተትን። አያቴን ከሃዲ አድርጋ አደባባይ ልታቆመው ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሬቨረንዱ የልጅ ልጅ ሆኜ ነው የኖርኩት፤ ሌላ ምን አለኝ?»

«ለምን አልደወሉም?»

«ብትተርፍ ትናገር ነበር። እጇን ግን አልለቀቅኩም። እስከ መጨረሻዋ ይዣት ነበር።»

ክሊቮን ተነሥቶ ወጣ። ኮርዲሊያ ደብተሩ የት እንዳለ ጠየቀች። በአሮጊቷ ቤት ጓሮ፣ ቆሻሻ የሚያቃጥሉበት በርሜል ውስጥ አመድ ሆኗል።

«አንብበውታል?» አለች ናዲን።

«ሸሪፉ ያለበትን ገጽ። እሱ በቃኝ።»

«ቀጣዩን ገጽ ቢገልጡት ኖሮ!» ናዲን ማልቀስ ጀመረች። «ሸሪፉ ያሸገውን በር በመጥረቢያ ሰብራ የከፈተች አንዲት አስተማሪ አለች። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ አስተማሪ። ሬቨረንዱ ከዚያ በሦስተኛው ዓመት አገቧት። ሠርጋቸውም እዚያው ተጽፏል። አያትዎ ናት።»

የሚስ ዊሎዲን አያት እሳቸው ሳይወለዱ ነው የሞቱት። የመቃብራቸው ድንጋይ «የሬቨረንድ ጌይነር ሚስት» ይላል፤ ስም የለውም።

«ሚስ ሉጂኒያ ዛሬ በምእመኑ ፊት ሊነግሩዎት ነበር፣» አለች ናዲን። «ደስ ይላታል፣ ዝም በይ ብለውኝ ነው።»

አሮጊቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ስሟ ማን ነበር?»

«አርዚላ።»

«ሌላስ ምን ይላል ስለ እሷ?»

«አራት ገጽ ነበር። አንድ ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሁሉንም አላስታውሰውም።»

ኮሚቴው ናዲን ከትዝታዋ የጻፈችውን ምስክርነት አመስግኖ መለሰው፤ ያለ ዋና ሰነድ አይሆንም አለ። ሰሌዳው በጸደይ ቆመ፤ ያለበት ስም የሬቨረንዱ ብቻ ነው። የአርዚላ ስም በመንግሥት መዝገብ የተጻፈው አንድ ቦታ ነው፤ ካውንቲው ፍርድ ቤት ምድር ቤት፣ የግድያው መዝገብ ውስጥ፣ በኮርዲሊያ እጅ ጽሑፍ። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ማንም ቁጥሩን ጠርቶ ማስወጣት ይችላል። እስካሁን የጠየቀ የለም።