ለሚስቴ ዕዳ አልጠየቅም

ባለሱቁ ዓወል በስቶክሆልም ሁስቢ ሠፈር ባለው ሱቁ ጓዳ፣ ከሩዝ ጆንያዎቹ ሥር ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ ሻይ ነበር። በሱቁ በር ላይ በገዛ እጁ የለጠፈው ማስታወቂያም ገና አልተነሣም፤ «ከዛሬ ጀምሮ ባለቤቴ አሪፋ ለምትበደረው ዕዳ ተጠያቂ አይደለሁም።»

ሠፈሩ «ከሞቱ አሟሟቱ» እያለ አንሾካሾከ፤ ፍርዱንም ጨረሰ። ተዋርዳ ገደለችው! አሪፋ ግን አንገቷን አልደፋችም። ላዋረዳት ባል አልቅሳለች፤ ለሐሜተኛ የሚሆን እንባ አልነበራትም።

መርማሪዋ ዘመናይ እዚያው ስቶክሆልም ያደገች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት።

«ሻዩን አንቺ ነሽ የወሰድሽለት?» አለቻት አሪፋን።

«ጾመኛ ነበር እኮ! ከዒድ በኋላ ያሉትን ስድስት ቀኖች ይጾማል። ሱሑሩን፣ ከጎህ በፊት የሚበላውን፣ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ጾሙን አያወራም።»

«ከማን ተበደርሽ?»

«ከማንም! ዕዳ እንዳለብኝ የሰማሁት ከበሩ ላይ አንብቤ ነው። ይህንኑ ስነግረው ዝም ብሎኝ አደረ። በማግስቱ ሞተ።»

በሦስተኛው ቀን ዘመናይ የሟቹን ወንድም ታሪቅን፣ ጨርቅ ነጋዴዋን ፈሂማንና የሠፈሩን ሽማግሌ ሐጂ ሙሀይሚንን አሪፋ ቤት ሰበሰበች።

«ታሪቅ፣ ያየኸውን ድገምልን።»

«ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አሪፋ ሻይ አምጥታለት፣ ሲጠጣ ትቼው ወጣሁ።»

«ፈሂማ፣ ለአሪፋ ያበደርሽውን ገንዘብ በእጇ ሰጠሻት?»

«ኧረ! ታሪቅ ነው የወሰደው። ‹እሷ ታፍራለች፣ እኔ ላድርስላት› አለኝ። የባሏ ወንድም አይደል? አመንኩት። ሳትከፍል ስትቆይ ለዓወል አቤት አልኩ፤ እሱም በሞተበት ቀን ጠዋት ደውሎ ማን እንደተቀበለኝ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።»

«ስለዚህ ዓወል እውነቱን አወቀ፣ ወንድሙንም ጠራ» አለች ዘመናይ። «ሐኪሙ በዓወል ሆድ ውስጥ ጠብታ ሻይ አላገኘም። ሱሑር ያቀረበች ሚስት ደግሞ ለጾመኛ ባሏ ሻይ ይዛ አትሄድም። ሻዩን ያስቀመጠው ጾሙን ያላወቀ ሰው ነው። ሲጠጣ አየሁ ያልከው አንተ ብቻ ነህ፣ ታሪቅ።»

ታሪቅ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «‹የሷን አንሥቼ ያንተን ስም እለጥፋለሁ› አለኝ… ልገድለው አላሰብኩም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሐጂ ሙሀይሚን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ አሪፋ፣ የቤተሰብ ገመና ነው። እዚሁ ሸፍነን እንያዘው።»

«አባባ፣ የኔ ስም በር ላይ ሲለጠፍ እርስዎም ቆመው አንብበዋል። ያኔ ገመና አልነበረም?»

አሪፋ ወደ ዘመናይ ዞረች።

«ሁሉንም መዝግቢ። ፍርድ ቤትም ቆሜ እናገራለሁ። ስሜንም ከነአባቴ ጻፊው።»