የኢቲሳም ድድ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሃያ ስምንት ቀን፣ ሐይቅ ከተማ በሰው ተጨናንቃ ነበር። ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ ሲመጣ ከአምባሰል የሸሸው ሕዝብ አህያውን እየነዳ፣ ሕፃኑን አዝሎ በአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር ፈሰሰ፤ ዘመድ ያለው ከዘመዱ ተጠጋ፤ የሌለው በትምህርት ቤት ግቢ ሸራ ወጠረ። ከሐይቁ በኩል ግን ጀልባዎች እንደ ወትሯቸው ዓሣ ይዘው ይመለሱ ነበር፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ደወልም ሰዓቱን አላጓደለም።

በዚያ ረፋድ ከአምባሰል የመጡ ሸህ ኑርዬ የተባሉ ገበሬ፣ ኢቲሳም የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን አስከትለው ከመናኸሪያው አጠገብ ወደምትገኝ ጠባብ የጥርስ ክሊኒክ ገቡ። የክሊኒኳ ባለሙያ መስኡዳ ሀሚዱ ትባላለች፤ በማዕርጓ ዶክተር ባትሆንም ሕዝቡ ከሾማት ቆይቷል። ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ወደ እርሷ የሚመጣው ሁሉ ጥርስ የሚያስነቅል ነበር፤ ድዴ ደማ ብሎ የሚመጣ ከስንት አንድ ነው።

«መቼ ጀመረሽ?» አለቻት።

«ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ስበላ ይደማል፤ ጧት ስነሣም ትራሴ ላይ ደም አገኛለሁ።»

መስኡዳ አየች። ድዱ ቀልቷል፤ አብጦም ጥርሱን እስከ እኩሌታው ሸፍኖታል። ቀጭኗን መለኪያ በጥርሱና በድዱ መካከል ስታስገባ ደሙ ወዲያው ፈሰሰ።

«ጤነኛ ድድ ጥርሱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲነኩት አይደማም» አለች፤ ይህን ማስተማር ትወድ ነበር። «ጥርስ ሥር የሚጋገር ቆሻሻ ሳይጸዳ ሲቀር ይደድራል፤ ድዱ ይቆጣል። ችላ ካሉት ከጥርሱ እየተላቀቀ ይሄዳል፤ ሥሩን የያዘው አጥንትም ይበላል። ስደት ላይ ነን ብለሽ አፍሽን ረስተሻል፤ ይህ የቸልታ በሽታ ነው።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። መስኡዳ ጥርሷን ጠረገችላት፤ የሚፋቅ ቆሻሻ ያገኘችው ጥቂት ነበር፤ ይህ ሊያስጠረጥራት በተገባ ነበር፤ አላስጠረጠራትም። «ጧትና ማታ ፋቂው፤ ቢደማም አታቋርጪ፤ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ፤ በሦስት ሳምንት ተመለሺ» ብላ አሰናበተቻት። የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ለሌላ ሰው።

ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን፣ ቀጠሮው ሳይደርስ፣ ሸህ ኑርዬ ልጃቸውን ደግፈው ተመለሱ። ፊቷ እንደ አመድ ነጥቷል፤ ድዷ ከበፊቱ ይልቅ አብጧል።

«እንዳዘዙኝ ፋቅሁት» አለች፣ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል። «አንድም ቀን አላስቀረሁም።»

እውነቷን ነበር። ጥርሶቿ ተፈግፍገው ያበራሉ። መስኡዳ የልጅቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው፤ ክንዷ በብልዝ ተሞልቷል።

«ማን መታሽ?»

«ማንም። ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። ሰሞኑን ደግሞ ያተኩሰኛል።»

መስኡዳ በትምህርት ቤት ያነበበችው አንድ ገጽ ትዝ አላት፤ ድድ ላይ የሚታይ በሽታ ሁሉ ከድድ አይጀምርም፤ የደም ካንሰርም በድድ ሊታይ ይችላል ይል ነበር። አባትየውን ወደ ውጭ ጠራቻቸው።

«አባየ፣ ድዷ ምልክቱ ነው እንጂ በሽታው እርሱ አይደለም። ደሟ ውስጥ ክፉ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ዛሬውኑ ደሴ ይውሰዷት።»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሸህ ኑርዬ።

በዚያ ቀን መኪና አላገኙም። በማግሥቱ ከመንገዱ ዳር ሲቆሙ የሚያልፈው ተሽከርካሪ ሁሉ እስከ ጣራው ሰው ጭኖ ነበር፤ የመድፉም ድምፅ ቀርቧል። በሦስተኛው ቀን ከተማይቱ ተያዘች፤ መንገዱም ተዘጋ።

መስኡዳ የአልጋ ቁራኛ እናቷን ጥላ አልሸሸችም። ክሊኒኳ ተሰበረች፤ ወንበሩ ተቀደደ፤ መዝገቡ በጭቃ ላይ ተበተነ። እርሷ ግን በየቀኑ ፋሻና የጨው ውሃ ይዛ፣ ኢቲሳም ወደተኛችበት የሸህ ኑርዬ እህት የዙለይሃ የሐይቁ ዳር ቤት በእግሯ ትሄድ ነበር። ከድዱ የሚፈሰውን ደም በፋሻ ይዛ ታቆማለች፤ ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳል።

አንድ ቀን ኢቲሳም እጇን ያዘቻት። «ስንሸሽ መፋቂያዬን ረስቼ በመምጣቴ ነው አይደል? የቸልታ በሽታ ነው ብለውኝ ነበር።»

መስኡዳ መልሱን ታውቀው ነበር። «አሁን ዕረፊ» አለቻት። ነገ እነግራታለሁ ብላ ወጣች፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ኅዳር አሥራ አራት ቀን ስትመጣ ዙለይሃን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ወንዶቹ ሊቀብሯት ወስደዋታል» አለች ዙለይሃ። «ኢንና ሊላህ።»

ከተማይቱ በታኅሣሥ ሰላም ስታገኝ ክሊኒኳ ተጠግና ተከፈተች። ነገር ግን በሽተኛ ደም በተፋ ቁጥር መስኡዳ ከኋላዋ «እንዳዘዙኝ ፋቅሁት» የሚል ድምፅ ትሰማ ነበር። ትዞራለች፤ ግድግዳ ነው። መሣሪያ ስታነሣ ባዶውን ወንበር «አይዞሽ፣ አያምሽም» ስትለው ሰዎች ሰምተዋታል። ከዚያ ወዲህ ድዱ የደማን ሰው ሁሉ ክንዱን ሳታይ፣ ስለ ትኩሳቱ ሳትጠይቅ አትነካውም፤ ያጠራጠራትን ለደም ምርመራ ትልካለች። «ጥርስ ሐኪሟ ክንድ ታያለች» እያሉ የሳቁባትም ነበሩ።

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ሸህ ኑርዬ ራሳቸው መጡ። የታች የፊት ጥርሶቻቸው ይነቃነቁ፣ ድዳቸውም መግል ያወጣ ነበር።

«ሌላ ሐኪም ዘንድ ልላክዎት» አለች መስኡዳ።

«ለምን?»

«መጀመሪያ የመጣችሁ ቀን ነው የተሳሳትሁት፣ አባየ። ምልክቱ ነበር፤ አላየሁትም። እርሷን ወቀስኋት። ጥፋቱ የርሷ አልነበረም።»

«ያን ቀን ብትልኪን ትድን ነበር?» አሉ ሸህ ኑርዬ።

«አላውቅም። ደሴ ደርሶም የሚተርፈው ጥቂት ነው። ግን መንገዱ ክፍት ነበር።»

«ይህን ለሷ ነበር መንገር» አሉ።

«አዎን።»

ሸህ ኑርዬ ጥምጥማቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ አፋቸውን ከፈቱ።

መስኡዳ አስቀድማ ክንዳቸውን አየች፤ ደማቸውንም አስመረመረች። ከዚያ ለካች፤ ድዱ ከጥርሱ ስምንት ሚሊሜትር ተላቆ የወረደበት ቦታ ነበር። ሦስቱን ጥርሶች ማዳን አልተቻለም፤ የቀሩትን በአራት ቀጠሮ እስከ ሥራቸው ጠረገቻቸው፤ ደሙ ቆመ፤ ድዱም ጠበቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት የወቀሳ ቃል ከአፏ አልወጣም።

የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ሐይቅ የተያዘችበትንና የተመለሰችበትን ቀን መዝግበዋል፤ ኢቲሳም ግን በጥይት አልሞተችምና ከሟቾቹ ዝርዝር ውስጥ የለችም። መንገድ ተዘግቶ የሞተውን የሚቆጥር ቢገኝ እንኳ፣ መንገዱ ሳይዘጋ በአንዲት ሴት እርግጠኝነት የባከኑትን አሥራ ዘጠኝ ቀናት የሚያሰፍርበት ዓምድ አይኖረውም። ሸህ ኑርዬ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ መስኡዳም አልጠየቀች፤ የቀሩትን ጥርሶቻቸውን ግን እስከ ዛሬ ሌላ እጅ አልነካቸውም።