የቃርዳን ፋኖስና የጋኑ ክዳን

በቃርዳን ግንብ አናት ለዘመናት ያበራው ፋኖስ አንድ ማለዳ ቀጭኑ ዘይቱ አልቆ ተንጨረጨረና ጠፋ። ጉም ለባሾቹ አሞሮች ከዚያ ብርሃን በቀር የሚፈሩት የለምና ሰማዩን ሞልተው በጎቹንም እረኞቹንም ይነጥቁ ጀመር። ሕዝቡስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከአያት የወረሰውን ጥቁር ዘይት ይጨምርና ፋኖሱን ይሳደባል! በቃርዳን ዘይት በወፈረ ቁጥር ይከበራል፤ እንደማይነድ ማን ያስረዳቸው!

የፋኖስ ጠባቂዋ ሳርዛ በንግሥቲቱ ፊት ቆማ ማለች፦ «ጥቁሩ ዘይት የተቆላለፈ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በፋኖሱ ክር ሽቅብ መውጣት አይችልም። ሰንሰለቱን ሳልሰብር ብቀር ስሜ ይጥፋ!»

ሰንሰለት ሰባሪው ነጭ አሸዋ ግን በእሳት ተራራ፣ ከዘንዶው ከዖምራ ሆድ ሥር ነው። ዖምራ ደግሞ ያለ ክራር አይተኛም። ስለዚህ የመንግሥቱን ብቸኛ ክራር መቺ አጎቷን ጎርባን ይዛ ወጣች።

«ጉልበቴን ጨረስሽው! እንዳባትሽ ችኮ ነሽ እኮ!» አለ ጎርባ፣ ዳገቱን ሁሉ እያጉረመረመ። እዚያ ሲደርስ ግን ክራሩን እንዲያ አድርጎ መታው፤ ዘንዶው አንኮራፋ፤ ሳርዛም አሸዋውን በስልቻ ዘግና ተመለሰች።

ዘይቱንና አሸዋውን በብረት ጋን ከታ፣ ክዳኑን በጭቃ መርጋ አነደደችበት። ሙቀቱ ሰንሰለቱን ሲያስጨንቀው፣ አሸዋው እየቆራረጠ ያግዘዋል። አጫጭሩ ቁራጭ ተንኖ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ባለፈው ቱቦም ቀጭን ዘይት ሆኖ ይንጠባጠባል።

ሽማግሌው አባ ድማም ዱላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። በቃርዳን ሽማግሌ ከፍቶ ያልመረቀው ድስት አይበላማ!

«ክፈቱልኝ ልመርቅ!»

«አባቴ፣ ነፋስ ከገባ ጋኑም እኛም ነደን ማለቃችን ነው!»

«ኧረ እፍ ብቻ ነው የምለው፣ ልጄ!»

«እፍ ነው እኮ የሚፈጀን!»

ማን ሰምቶ! በዱላቸው ክዳኑን ፈለቀቁት፤ ጭቃው ተሰነጠቀ። ጎርባ ዘሎ በሁለት እጁ ተጫነው። ሳርዛ ጭቃ አምጥታ ስንጥቁን እስክትደፍን፣ የጋለው ብረት ሥጋውን ሲበላው አልለቀቀም።

ቀጭኑ ዘይት ወረደ፤ ፋኖሱ እንደ ፀሐይ ቦግ አለ፤ አሞሮቹም ከነጉማቸው ሟሙ። ንግሥቲቱ ተንበርክካ የጎርባን የተጠቀለሉ እጆች ሳመች። ከእንግዲህ ለዖምራ ክራር የሚመታ የለም።

እሳቱ ጠፍቶ ጋኑ ሲቀዘቅዝ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው መጡ።

ጎርባ ቀና ብሎ አያቸው።

«በሉ አባ ድማም፣ አሁን ይክፈቱት። እኔ እንደሆን ጣት የለኝም።»