ከቀዩ ክፍል የገባው ወረቀት

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። አመናችሁም አላመናችሁም፣ የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ የሆነ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ቢሮ ውስጥ ነው።

የምሠራው የብዙ አገሮች ወታደራዊ ጥምረት ውስጥ ነበር። ሥራችን ገና ያልመጣ ጦርነት ማሰብ ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ጠላት በየት ይመጣል? መጀመሪያ ምን ይመታል?

ይህን የምንፈትነው በጨዋታ ነው። እኛ ሰማያዊው ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ከኮሪደሩ ማዶ ባለው ቀይ ክፍል ደግሞ ጠላት ሆነው የሚጫወቱ መኮንኖች ይቀመጣሉ። አንተያይም፤ አንነጋገርም። የመቱትን በወረቀት ጽፈው በበራችን ሥር ያስገባሉ። እኛም መልሳችንን በበራቸው ሥር።

የዚያን ጊዜ ጨዋታው የሚካሄድበትን ከተማ ከሐሳብ ፈጥሬ እንድስል የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ።

አለቃችን ኮሎኔሉ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። የምታውቁትን ቦታ አትሳሉ። የሚሳሱለት ሰው ያለበት ከተማ ዕቅድ አውጪን ያሳስታል ይላል።

ሁለት ቀን ሰጠኝ። አልበቃኝም። ይጨመርልኝ ማለት ደግሞ አፈርኩ።

ስለዚህ የእኛን ሰፈር ሳልኩ። ድልድዩን፣ ዳቦ ቤቱን፣ እናቴ ብቻዋን የምትኖርበትን ሕንፃ... የቀየርኩት ስሙን ብቻ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ወረቀት ገባ።

«ድልድዩ ፈርሷል።»

ይሁን። ድልድይ ሁሌም ይመታል።

ሁለተኛው መጣ። «ዳቦ ቤቱ ተቃጥሏል።»

ዳቦ ቤት ብሎ የሚመታ ጠላት ገጥሞን አያውቅም።

ሦስተኛውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አራተኛ ፎቅ። በረንዳው ላይ አረንጓዴ ብርድ ልብስ የተሰጣበት ቤት።»

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት።

ካርታዬ ላይ የፎቅ ቁጥር የለም። በረንዳ የለም። ብርድ ልብስማ ከየት ይመጣል...

ብርድ ልብሱ የእናቴ ነው።

አጠገቤ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ምላሱ ስለሚቆርጥ «መቀስ» እንለዋለን። ፊቴን አይቶ ሳቀ።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አንቺ ግን ልትነቅዢ ነው።»

ሁሉም ተከትለውት ሳቁ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ደወልኩ።

«እማዬ... ብርድ ልብሱን አጥበሽዋል እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?» አለች። «አሁን ነው ያሰጣሁት። ዞር ብዬ ስመለስ የለም። ነፋስ ይሆናል።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ቅጠል አይነቃነቅም።

በቶሎ አክስቴ ቤት እንድትሄድ ለመንኳት። ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ድስት እንደጣደች ነገረችኝ፤ ማን እንዳሳበደኝም ጠየቀችኝ። ደጋግሜ ስለምናት ግን እያጉረመረመች ወጣች።

ተመልሼ ጥፋቴን ለኮሎኔሉ ተናዘዝኩ። ሁሉም እየሰሙ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የእናትሽን ቤት ቁልፍ ለጠላት ሰጥተሽ፣ አሁን አስመልሱልኝ ነው የምትይው?»

መቀስ ከቀዮቹ አንዱ የሰፈሬ ልጅ እንደሚሆንና እያሾፈብኝ እንደሆነ ተናገረ። እኔም ይህንኑ ለማመን ታገልኩ...

አስር ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተከፈተ። አምስት መኮንኖች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

ቀዩ ቡድን።

«ይቅርታ፣ ኮሎኔል» አለ መሪያቸው። «መኪና ተበላሽቶብን ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነን። ብንደውል ብንደውል አታነሱም። ያለ እኛ ጀመራችሁ እንዴ?»

ኮሎኔሉ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሦስት ወረቀቶች አነሳ።

ያኔ... ከጀርባቸው፣ በተዘጋው በር ሥር፣ ወረቀት ገባ።

«ሴትዮዋ ቦታ ቀይራለች። እኛም ቀይረናል።»

ኮሎኔሉ ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ተሻግሮ ቀዩን ክፍል በራሱ ቁልፍ ከፈተ። ሰው የለም። ወንበሮቹ ከጠረጴዛው እንደተጠጉ ናቸው። ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል።

መሃሉ ላይ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ የእናቴ ብርድ ልብስ ተቀምጧል።

ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

መቀስ አልቀለደም።

ኮሎኔሉ ብርድ ልብሱን ካዝና ውስጥ ቆለፈበት። በማግስቱ እኔን አሰናበተኝ።

«ይሄ ያንቺ ጦርነት ነው» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። «እዚህ አታምጪብን።»

እናቴ ደህና ናት። እስካሁን። በሦስት ወር ውስጥ አራት ቤት ቀይረናል። ዛሬ ጠዋት የገባንበት አምስተኛው ነው። በረንዳ እንዳይኖረው ብዬ ምድር ቤት መረጥኩ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ እናቴ ከመኝታ ክፍሉ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ልጄ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «አልጋዬን ይሄን ያለበሰው ማን ነው?»

በተከፈተው በር አየሁ። አረንጓዴ ነው። ጫፉ ወለሉ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል።

እናቴ እጄን ይዛለች።

ብርድ ልብሱ ሥር ግን የተኛ ሰው አለ...

ይተነፍሳል።